ሐዋርያዊ ተልእኮ በባዕድ ምድር፡- የካሪቢያን አገልግሎትና የልዑካኑ ሕይወት

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ወደ አሕዛብ ሁሉ ልኳቸዋል (ማቴ. 28፥19)። በቤተ ክርስቲያናችን ይህ ትእዛዝ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰቡን ወደ እኛ የመጡ አባቶች ናቸው። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ (ፍሬምናጦስ) በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በአክሱም ቤተ መንግሥት አድጎ፣ ቋንቋውንና ሕዝቡን ካወቀ በኋላ ነው ወደ እስክንድርያ ወርዶ ጳጳስ እንዲላክልን የለመነውና ራሱ ተሹሞ የተመለሰው። ተሰዓቱ ቅዱሳንም ግእዝ ተምረው፣ መጻሕፍት ተርጕመው፣ ገዳማት መሥርተው በዚሁ ምድር አርፈዋል። መጥተው ሰብከው ተመልሰው ቢሄዱ ኖሮ ታሪካችን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

እኛስ የላክናቸው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሄዱ አባቶችን አገልግሎትና አኗኗር ነው። ትኩረታችን ለአንድ ጉባኤ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ሁለት ሳምንት አስተምሮ መመለስ ላይ አይደለም፤ እርሱም ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ሐዋርያዊ ተልእኮ ብለን በሙሉ አፋችን ለመጥራት ይከብዳል። የምንናገረው ቤቱን በዚያው ሠርቶ፣ ጾሙን በዚያው ጾሞ፣ ሙታንን በዚያው ቀብሮ፣ በመጨረሻም ራሱ በዚያው ስለሚቀበር ልዑክ ነው።

አገልግሎቱ እንዴት ተጀመረ?

በካሪቢያን የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች አብዛኞቹ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያን ያወቋት በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በመዝሙረ ዳዊት ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለ መዘርጋቷ የተነገረው ቃል (መዝ. 67፥31) በእነርሱ ዘንድ የተስፋ ቃል ሆኖ ኖሯል። ከዐድዋ ድል በኋላም፣ ጃማይካዊው ማርከስ ጋርቬይ ስለ አፍሪካ ክብር ከሰበከ በኋላም፣ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላም ይህ ስሜት እየበረታ ሄደ። ስለዚህ ልዑካኑ የሄዱት ኢትዮጵያን ፈጽሞ ወደማያውቅ ሕዝብ አልነበረም፤ እንዲያውም ያስቸገረው ሕዝቡ ኢትዮጵያን ከሚገባው በላይ፣ ወይም ከሚገባው በተለየ መንገድ ማወቁ ነበር። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

በካሪቢያን አካባቢ የቤተ ክርስቲያናችን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በትሪኒዳድና በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበረችው ጊያና ተጀመረ። በአሥር ዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከላኳቸው ወጣት አገልጋዮች መካከል አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ነበሩ። ኒው ዮርክ ላይ የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት ምእመናኗ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያንና ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ በከተማው የነበረው ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ በውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን ስናይ ይህን መነሻ እንረሳዋለን።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ጎበኙ። የኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፕላኑ ወዲያው እንዳይወርዱ እስኪያደርጋቸው ድረስ ብዙ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አባ ላእከ ማርያም ጃማይካ ገብተው ቤተ ክርስቲያኒቱን በዚያ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1979 በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዘመነ ፕትርክና ኤጲስ ቆጶስነት ተሹመው አቡነ ይስሐቅ ተባሉ፤ የምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሊቀ ጳጳስም ሆነው አገለገሉ።

አምስት ሰው የሌለበት መቅደስ

በሀገር ቤት ላደገ ካህን የማይታሰበው የመጀመሪያው ችግር እዚህ ላይ ነው። በሥርዓታችን ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። አንድ ካህን ብቻውን መስበክ ይችላል፤ ማጥመቅ ይችላል፤ ሊያጽናናና ንስሓ ሊቀበል ይችላል፤ ብቻውን ግን አይቀድስም። ስለዚህ ወደ ባዕድ ሀገር የተላከ አባት ስብከቱ ፍሬ ባፈራ ቁጥር የባሰ ችግር ላይ ይወድቃል፤ ያጠመቃቸው ሰዎች ቁርባን ይሻሉ፤ እርሱ ግን አብሮት የሚቀድስ የለውም።

መፍትሔው ከሀገሬው መካከል ዲያቆናትን ማፍራት ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። በሀገራችን አንድ ሕፃን ገና ፊደል ሲቆጥር ከቤተ መቅደስ ደጃፍ አይጠፋም፤ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ይዞ፣ የቅዳሴውን ዜማ ከመምህሩ አፍ እየሰማ ያድጋል። በኪንግስተን ወይም በፖርት ኦፍ ስፔን ያለ ወጣት ግን ይህን ሁሉ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ፣ በማያውቀው ፊደል፣ በጎልማሳነቱ መጀመር አለበት። ዜማው ለጆሮው እንግዳ ነው፤ ግእዙን ይሸመድደዋል እንጂ ወዲያው አያስተውለውም። እንዲህም ሆኖ በካሪቢያን ከሀገሬው የተወለዱ ዲያቆናትና ቀሳውስት ተገኝተዋል።

ሁለተኛው እክል ሹመት ነው። ዲቁናና ቅስና የሚሰጠው በኤጲስ ቆጶስ እጅ ብቻ ነው፤ ጽላትም የሚባረከው በኤጲስ ቆጶስ ነው፤ ለጥምቀት የሚያስፈልገው ቅብዐ ሜሮንም ከአባቶች ዘንድ መምጣት አለበት። ውቅያኖስ ማዶ ላለ ልዑክ ይህ ማለት ወይ ጳጳስ እስኪመጣለት መጠበቅ፣ ወይ ዕጩውን ራቅ ወዳለ ሀገር መላክ ነው። የአቡነ ይስሐቅ ሹመት ለእነዚያ አጥቢያዎች ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበረ የሚገባን ይህን ስናስብ ነው።

ስለ ቤተ ልሔም ደግሞ ጥቂት እንጨምር። ለመሥዋዕቱ የሚሆነው ስንዴና ዘቢብ በየትም ሀገር ገበያ ይገኛል። የማይገኘው ሌሊት ተነሥቶ፣ በንጽሕና ጾሞ፣ ኅብስቱን ጋግሮ፣ ዘቢቡን ዘፍዝፎ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። በሀገር ቤት ይህ አገልግሎት የራሱ ሰዎች አሉት፤ በተልእኮ ምድር ግን ሌሊት የጋገረው ዲያቆን ራሱ ንጋት ላይ ይቀድሳል፤ ከቅዳሴ በኋላም ወንበሮቹን ያነሣል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ እንጀራውን ወደሚያገኝበት ሥራ ይሄዳል።

በማን ስም?

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን የእምነት ጥያቄ ነበር። በጃማይካ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የራስ ተፈሪያን እንቅስቃሴ ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ የሚያይ ነው። አባ ላእከ ማርያም ጃማይካ ሲገቡ በፍቅር የተቀበሏቸው ብዙዎቹ እነዚህ ሰዎች ነበሩ። ከኢትዮጵያ፣ ከንጉሡ ቤተ ክርስቲያን የመጣ መነኩሴ ነውና ለጥምቀት ተሰለፉ። ከእነርሱም መካከል በንጉሡ ስም እንዲጠመቁ የጠየቁ ነበሩ።

እስቲ ወንድሞችና እኅቶች፣ ራሳችንን በዚህ አባት ቦታ እናስቀምጥ። ከሀገር ርቀዋል፤ የሚደግፋቸው ካህን የለም፤ በፊታቸው ኢትዮጵያን የሚወድ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ፣ ደጃቸውን የሚያጨናንቅ ሕዝብ ቆሟል። ጥቂት ቢያለዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ቀን ይሞላል። መልሳቸው ጥምቀት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ እንደሆነ፣ ንጉሡም እንደ እኛው በዚሁ ስም የተጠመቁ ክርስቲያን እንደሆኑ ማስተማር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1967 ለካናዳ ብሮድካስት በሰጡት ቃለ ምልልስ ሟች ሰው መሆናቸውን በግልጽ ተናግረዋል። ይህን የሰሙ አንዳንዶች ተቆጥተው ሄዱ፤ ሌሎች ግን ቆይተው ተማሩ፤ ተጠመቁም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የካሪቢያን ተልእኮ ትልቁ ትምህርት ከዚህ ላይ ይገኛል። ሰዎቹን የመናፍቃን መንጋ ብሎ መናቅና በሩን መዝጋት ቀላሉ መንገድ ነበር። ሁሉንም እንደመጡ መቀበልና ቍጥር መጨመርም ሌላው ቀላል መንገድ ነበር። ሁለቱን ትቶ፣ ለዓመታት ተቀምጦ፣ አንዱን ሰው ከፍቅረ ኢትዮጵያ ወደ ፍቅረ ክርስቶስ መምራት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ንኡሰ ክርስቲያንን ሳታጠምቅ አስቀድማ የምታስተምረው ለዚህ ነው። እኛ በአርባና በሰማንያ ቀናችን የምንጠመቅ ስለሆንን ይህን ሥርዓት በመጽሐፍ እንጂ በዓይናችን እምብዛም አላየነውም፤ በካሪቢያን ግን የሳምንት ተግባር ነው።

ከጥምቀት በፊት የሚነሡት ጥያቄዎችም ቀላል አልነበሩም። ረጅሙ የተገመደ ጸጉር የናዝራውያን ስእለት ነው (ዘኁ. 6) የሚሉ ነበሩ። ዕፅ ማጤስን እንደ ጸሎት የሚቆጥሩም ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበልም። ደግሞም በደሴቶቹ ብዙ ጥንዶች ጋብቻ ሳይፈጽሙ አብረው ስለሚኖሩ፣ ልጆች አፍርተው ሃያ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት መሰሎችን ወደ ቅዱስ ቁርባን ለማድረስ ልዑኩ አስቀድሞ የቤታቸውን ታሪክ በጥንቃቄ መስማት ይኖርበታል።

ቋንቋ

ቅዳሴያችን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ ታትሞ ነበር፤ ተርጓሚው ግብጻዊው ማርቆስ ዳውድ ናቸው። ይህ መጽሐፍ በውጭ ላሉት አጥቢያዎች የነፍስ ያህል ሆኗል። ነገር ግን የታተመ ትርጉም ሁሉንም አይፈታም። ቃሉ ተተርጉሞ ዜማው ሳይስማማ ሲቀር ምን ይደረጋል? የግእዙ ዜማ በግእዙ ቃል ርዝመት የተለካ ነውና በእንግሊዝኛ ሲዜም አንዳንዱ ቃል ይጎተታል፤ አንዳንዱም ይጣደፋል። ስለዚህ በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ከፊሉ በግእዝ፣ ከፊሉ በእንግሊዝኛ የሚሄድ ቅዳሴ ተለመደ። ስብከቱ ደግሞ ሕዝቡ በሚሰማው አነጋገር ይሰጣል፤ የጃማይካ ሰው በቤቱ የሚናገረው ፓትዋ ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይለያልና ልዑኩ ጆሮውን ሁለት ጊዜ ማሠልጠን አለበት።

አቡነ ይስሐቅም ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክና ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ መጽሐፍ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትመዋል። ለአማርኛ አንባቢ ብዙ መጻሕፍት አሉን። ለሌላው አንባቢ ያለን ምን ያህል ነው?

ጾምና በዓል ከጎረቤት ተለይቶ

የጾም ነገር በጃማይካ ያልተጠበቀ መልክ አለው። ጤፍ የለም፤ ሽሮም የለም። ሩዝና ቀይ አደንጓሬ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ይበላል፤ ካላሉ የሚባለው ቅጠላ ቅጠል ከጎመን ጋር ይመሳሰላል። ሀገሬው እጅግ የሚወደው አኪ የሚባል ፍሬ ግን በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር ስለሚሠራ፣ በእኛ ጾም ደግሞ ዓሣ ስለማይፈቀድ፣ ፍሬው ብቻውን መበላት አለበት። የሚገርመው ግን ከራስ ተፈሪያን የመጡት ምእመናን ቀድሞውኑ ከሥጋ የሚከለክል የራሳቸው የአመጋገብ ልማድ ስለነበራቸው የምግቡ ጾም ብዙም አልከበዳቸውም። የከበዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ነበር፤ የእኛም ሰው ቢሆን ይኸው አይደል?

በዓላቱ ከጎረቤት ጋር አይገጥሙም። በሀገሩ ሁሉ ታኅሣሥ 16 ገና ሆኖ ቤቱ ሁሉ ሲበላና ሲጠጣ ኦርቶዶክሳዊው ገና ጾመ ነቢያት ላይ ነው። ታኅሣሥ 29 የእርሱ ልደት ሲደርስ ደግሞ የሥራ ቀን ነው፤ ከአሠሪው ፈቃድ ይለምናል። ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ቤተ እምነት አባል ነውና እናቱ ካዘጋጀችው የበዓል ማዕድ ፊት ተቀምጦ አልበላም ማለት አለበት። በሀገር ቤት መጾም ከሕዝቡ ጋር መሄድ ነው፤ በዚያ ግን ከሕዝቡ ተለይቶ መቆም ነው። ልዑኩ ለምእመኑ የሚሰጠው ምክር እዚህ ላይ ብልሃት ይሻል፤ ሥርዓቱን ሳያፈርስ፣ እናቲቱንም ሳያስቀይም።

መስከረምም የተለየ ነው። እኛ ክረምቱ ወጣ፣ አደይ ፈነዳ ብለን ዐውደ ዓመት ስናከብር በካሪቢያን የብርቱ ዐውሎ ነፋስ ወቅት ገና መሀሉ ላይ ነው። ጊልበርት የተባለው ከባድ ዐውሎ ነፋስ ጃማይካን ያወደመው መስከረም 2 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ዮሐንስ ማግሥት ነበር።

የታወቀው አንድና ያልታወቁት ብዙዎች

ጥቅምት 25 ቀን 1973 ዓ.ም. በዓለም የታወቀው ዘፋኝ ሮበርት ኔስታ ማርሌይ (ቦብ ማርሌይ) በጽኑ ሕመም ላይ ሳለ ኒው ዮርክ ውስጥ በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠመቀ፤ ስመ ጥምቀቱም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ሚስቱና ልጆቹ ቀድመውት ተጠምቀው ነበር። ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. ማያሚ ላይ አረፈ፤ ግንቦት 13 ቀንም በኪንግስተን ጸሎተ ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተደረገ። በዚያ ቀን የግእዝ ጸሎት በዓለም ዙሪያ ተሰማ።

ስለ ካሪቢያን ተልእኮ ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ያቆማል። ዝነኛ ስም ያጓጓልና። ዳሩ ግን ጥምቀቱ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም፤ ልዑኩ በጃማይካ ካገለገሉ አሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ቤተሰቡንም ያውቁ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ መተማመን በጉባኤ አይገኝም፤ በሽተኛ በመጠየቅ፣ ለቅሶ በመድረስ፣ በር ሲንኳኳ በመክፈት ይገኛል። በኪንግስተን ማክስፊልድ ጎዳና ባለችው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በትሪኒዳድ መንደሮች ተጠምቀው፣ ልጆቻቸውን አስጠምቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚያስቀድሱት ሰዎች ስማቸው በጋዜጣ አልወጣም።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በሀገር ቤት የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወርሶ አስተዳደሯ በተቸገረበት ዘመን እነዚህ አጥቢያዎች በራሳቸው አሥራትና በራሳቸው ጉልበት ቆመዋል። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያውያን በስደት ወደ ሰሜን አሜሪካ በብዛት ገቡ። በአንድ በኩል ብርታት ሆነ፤ ካህናትም መጡ። በሌላ በኩል ግን ስደተኛው የሀገሩን ቋንቋና ናፍቆት ይዞ ስለመጣ፣ ቀድሞ በእንግሊዝኛ ያስቀድሱ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያንና ካሪቢያውያን በገዛ ቤታቸው እንግዳ የሆኑባቸው ቦታዎች ነበሩ። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አማርኛ ብቻ የሚሰማበት ዐውደ ምሕረት ላይ ለጥምቀት ልጁን ይዞ የመጣ ጃማይካዊ ምን እንደሚሰማው ግን እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከ1984 ዓ.ም. በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን የተፈጠረው የአስተዳደር መለያየትም ውቅያኖሱን ተሻግሮ እነርሱ ዘንድ ደርሷል። አቡነ ይስሐቅም ከአዲስ አበባው መንበር ጋር ተለያዩ፤ አጥቢያዎቹም ለሁለት ተከፈሉ። አንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ብለን ያስተማርናቸው ሰዎች በኢትዮጵያ የውስጥ ጉዳይ ምክንያት ከጎረቤት አጥቢያ ጋር በጋራ መቍረብ አቃታቸው፤ ነገሩን ለልጆቻቸው ማስረዳትም አልቻሉም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈጸመው የአባቶች ዕርቅ ሲታወጅ ደስታው የኢትዮጵያውያን ብቻ ያልነበረው ስለዚህ ነው። ዛሬ አካባቢው የካሪቢያንና የላቲን አሜሪካ ሀገረ ስብከት ተብሎ ይጠራል።

ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ኒዋርክ ዐረፉ። ሥጋቸው ያረፈው በጃማይካ ነው።

ይቆየን።